ትርጓሜ ኦኬ

በሰው ልጅ አፍ ከሚመላለሱት ቃላት ሁሉ በብዙ አገርና በብዙ ነገድ ዘንድ የታወቀው የትኛው ነው ተብሎ ጉባኤ ቢጠራ፣ ደጋግ ሰዎች «ሰላም»፣ ወጣቶች «ፍቅር»፣ ነጋዴዎችም «ገንዘብ» እንዲባል ይመኙ ይሆናል፤ ነገር ግን የቋንቋ ሊቃውንት ይህ ጥያቄ በቀረበላቸው ቁጥር አዘውትረው የሚጠሩት ከቅዱስ መጽሐፍ ያልተገኘውን፣ ከቅኔ ቤት ያልወጣውን፣ ከፍልስፍናም ሆነ ከሕግ ያልተቀዳውን፣ ሁለት ፊደል ብቻ የሆነውን «ኦኬ»ን ነው። የቶኪዮው የባንክ ጸሐፊና የቦነስ አይረሱ ባለታክሲ፣ የመርካቶው ጨርቅ ነጋዴና የዱባዩ ሆቴል አስተናጋጅ ሌላ አንድም ቃል ባይጋሩ ይህችን ይጋራሉ፤ በአንድ ወገን ዋጋ ይጠራል፣ በሌላው ወገን በጣት ይቆጠራል፣ በመጨረሻም ሁለቱም «ኦኬ» ይሉና እያንዳንዱ ሌላውን ያታለለ መስሎት ደስ እያለው ይለያያል።

ቃሉ ከእኛም ቤት ከገባ ሰንብቷል። አማርኛ እንግዳ ቃል ሲቀበል ደጅ አያስጠናም፤ «አለ» የሚለውን ግሥ አስከትሎ ወዲያው ሥራ ያስጀምረዋልና፣ ከጥንት ጀምሮ «እሺ አለ»፣ «እንቢ አለ»፣ «ዝም አለ» ሲባል በኖረበት ተርታ ዛሬ «ኦኬ አለ» የሚለው ማንንም ሳያስደነግጥ ገብቶ ቆሟል። በመሥሪያ ቤት «ኃላፊው ኦኬ ብለዋል» ከተባለ ደብዳቤው እንደ ተፈረመ ይቆጠራል፤ በገበያ «በቃ ኦኬ» ከተባለ ክርክሩ አበቃ፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት የወገኖቻችን ቤቶች ደግሞ እናት በረጅም አማርኛ ምክርና ተግሣጽ ስታወርድ ቆይታ፣ ዓይኑን ከስልኩ ያላነሣው ልጇ «ኦኬ እማዬ» ብሎ ያን ሁሉ ድርሰት በአንድ ቃል ይደመድመዋል።

እንዲህ በዓለም ሁሉ የነገሠ ቃል አባቱ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። ድሀ ሆኖ ኖሮ በድንገት የከበረ ሰው ቤት ዘመድ እንደሚበዛ፣ ትናንት ሰላምታ የነፈጉት ዛሬ «በአያቱ በኩል እኮ ከእኛ ይወለዳል» እያሉ የዘር ሐረግ እንደሚመዝዙ ሁሉ፣ በኦኬም ደጅ ያልተሰለፈ ሕዝብ፣ ያልቀረበም ምስክር የለም። ግሪኮች «ኦላ ካላ» በቋንቋችን «ሁሉ መልካም» ማለት ነውና ልጁ የእኛ ነው ይላሉ። ስኮትላንዳውያን ሲስማሙ «ኦክ አይ» የሚሉትን ይጠቅሳሉ፤ ስለ ፊንላንዳውያን የሚሟገተውም ትክክል ለሆነ ነገር «ኦይኬአ» እንደሚሉ ያስታውሳል። ለፈረንሳይኛ ጠበቃ ሆኖ የቆመው ደግሞ በሄይቲ አገር ሌ ካይ የምትባል ወደብ እንዳለች፣ ከዚያ የሚጫነው ሮም የተባለው መጠጥ በመርከበኞች ዘንድ እንደ ተወደደ፣ «ኦ ካይ» የሚለው የወደቧ ስም በዚሁ ሰበብ የመልካም ነገር ሁሉ ስም ሆኖ እንደ ቀረ ያስረዳል። ጀርመኖችም አልቀሩም፤ የማተሚያ ቤት አራሚዎች ስሕተት ባጡበት ገጽ ላይ «ኦኔ ኮሬክቱር»፣ ማለት «እርማት የማያሻው»፣ የሚለውን በሁለት ፊደል አሳጥረው ይጽፉ ነበር የሚል ተከራካሪ አላቸው።

ከአሜሪካኖቹም መካከል አንዱ፣ ኦባዳያ ኬሊ የሚባል የባቡር ጭነት ጸሐፊ በየደረሰኙ ላይ የስሙን መነሻ ፊደላት ሲያኖር ነው የተጀመረው ሲል፣ ሌላው በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ ለወታደሩ ይታደል የነበረውን፣ የጋጋሪውን ስም በሁለት ፊደል በላዩ የያዘ ደረቅ ብስኩት ለምስክርነት ያቀርባል። የብስኩቱ ነገር መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን ጦርነቱ የተጀመረው በ1861 ነው (በዚህ ወግ የሚጠራው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ ቃሉ ደግሞ ከዚያ 22 ዓመት ቀደም ብሎ በጋዜጣ ታትሞ ተገኝቷልና፣ ብስኩቱ አባት መሆኑ ይቅርና ለክርስትናውም አልደረሰም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ቁም ነገር ይዘው የቀረቡ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት የአሜሪካ ባለርስት ከነበሩት ሕዝቦች አንዱ፣ የቾክታው ሕዝብ ነው። በቋንቋቸው «ኦኬህ» ማለት «እንዲሁ ነው» ማለት ስለሆነ ብዙ ሊቃውንት አምነውላቸው ነበር፤ ከ1913 እስከ 1921 አሜሪካን የመሩት፣ ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪ የነበሩት ፕሬዚዳንት ዉድሮ ዊልሰን እንኳ የቀረበላቸውን ወረቀት ሲያጸድቁ በሁለቱ ፊደላት ፈንታ ይህንኑ የቾክታውን አጻጻፍ ያኖሩ ነበር። ሁለተኛው ወገን አፍሪካ ነው። ዴቪድ ዳልቢ የተባለው እንግሊዛዊ የአፍሪካ ቋንቋዎች ሊቅ፣ በሴኔጋል የሚነገረው የዎሎፍ ቋንቋ «ዋው» ብሎ እንደሚያምን፣ «ኬይ» ብሎም እምነቱን እንደሚያጠብቅ አስታውሶ፣ በባርነት ተግዘው ባሕር የተሻገሩት ወገኖች «ዋው ኬይ»ን ይዘው ሳይሻገሩ አልቀሩም ሲል ተከራክሯል። በጽሑፍ የተገኘ ማስረጃ የለውም ብለው ይነቅፉታል፤ ነቀፋው እውነት ነው፤ ነገር ግን በሰንሰለት ታስሮ የሚናገረውን ሰው ቃል በዚያ ዘመን ማን ቁጭ ብሎ ይጽፍለት ኖሯል?

እንግዲህ ዓለም ሁሉ ሲሰለፍ እኛ ለምን እንቀራለን? በሰፈራችን በአንድ የጽዋ ማኅበር ላይ ይኸው ክርክር ተነሥቶ፣ ወጣቶቹ የግሪኩንም የጀርመኑንም ሲያወሩ ጠላቸውን እየተጎነጩ ዝም ብለው ያዳምጡ የነበሩ አንድ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «የአባቱን ቤት ትተው ጎረቤት ለጎረቤት ይዞራሉ» አሉ። ከዚያም በግእዝ «ኦሆ» ማለት እሺ፣ «ኦሆ በሃሊ» ማለትም እሺ ባይ፣ ታዛዥ ማለት መሆኑን፣ ይህም ቃል ቦስተንም ኒው ዮርክም ሳይቆረቆሩ በቅዱሳት መጻሕፍት ተጽፎ የኖረ መሆኑን በእርጋታ አስረድተው፣ «ፈረንጅ ሆ ማለት ሲያቅተው ኬ አለ፤ ነገሩ ይኸው ነው» ሲሉ ደመደሙ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ «መሪጌታ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ እኮ ሆ ማለት አያቅተውም፤ ሄሎም ሆምም ይላል» ቢላቸው፣ ጽዋቸውን ሳያስቀምጡ «እሱንማ ተምሮ ነው» ብለው ጉባኤውን ዘጉት። በእውነቱ ከቀረቡት ምስክሮች መካከል ቢያንስ ከብስኩቱ የተሻለ ማስረጃ ያቀረቡ እርሳቸው ነበሩ።

ይህን ሁሉ ሙግት በብይን የዘጋው አለን ዎከር ሪድ የተባለ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። ሰውየው የቆዩ ጋዜጦችን ገጽ በገጽ ሲያገላብጥ ዘመኑን አሳልፎ፣ በ1963ና በ1964 «አሜሪካን ስፒች» በተባለው መጽሔት ተከታታይ ጽሑፎች አወጣ፤ ያገኘውም የልደት ምስክር ወረቀት ማርች 23 ቀን 1839 የታተመው «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» የተባለ ጋዜጣ ነበር። በዚያን ዘመን የቦስተን ቀልደኞች ነገርን ሁሉ በመነሻ ፊደል ማሳጠርን እንደ ፈሊጥ ይዘውት ነበር፤ ማሳጠሩ ብቻ ሳያረካቸው ሲቀርም ሆን ብለው ፊደል ገድፎ መጻፍን ጨመሩበት። በእንግሊዝኛ «ኦል ኮሬክት» ማለት «ሁሉ ትክክል» ማለት ሲሆን፣ በሕጉ ቢጻፍ የመጀመሪያው ቃል «ኤ» በሚባለው ፊደል፣ ሁለተኛው «ሲ» በሚባለው ይጀምር ነበር፤ እነርሱ ግን ልክ ማንበብና መጻፍ በቅጡ እንዳልተማረ ሰው፣ ጆሯቸው እንደ ሰማው በ«ኦ»ና በ«ኬ» ጻፉት። ስለዚህ «ሁሉ ትክክል ነው» ብሎ የሚመሰክረው ቃል ከሁለቱ ፊደላቱ አንዱም ትክክል አይደለም። ንጉሥን በእሳቱ ሰ የጻፈ ተማሪ በሚገረፍበት የእኛ የፊደል ቤት ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ቃል በተወለደ በዕለቱ አለንጋ አርፎበት ይሞት ነበር።

የተወለደበትም አጋጣሚ ከቃሉ ጋር የሚስማማ ነው። ጋዜጣው ያን ዕለት የሚያወራው ስለ ጦርነት ወይም ስለ ሕገ መንግሥት አልነበረም፤ «ፀረ ደወል ማኅበር» የሚል ስም ለራሳቸው የሰጡ ተሳላቂዎች ወደ ኒው ዮርክ ስለሚያደርጉት ጉዞ፣ በመንገዳቸውም ላይ ባለችው በፕሮቪደንስ ከተማ ያለ የሌላ ጋዜጣ አዘጋጅ ጠርሙስ እየከፈተ ቢቀበላቸው እንዴት ባማረ እያለ በባልንጀራው የሚያሾፍ ጽሑፍ ነበር። ኦኬ ወደ ዓለም የመጣው እንግዲህ በዚህ ወሬ መካከል፣ የጠርሙስ ክዳን ሲፈናጠር ነው። በዚያው ፋሽን «ኦል ራይት» የሚለውንም በተሳሳተ ፊደል አሳጥረው «ኦ. ደብሊው» ይሉ ነበር፤ እርሱና ወንድሞቹ ሁሉ ግን ዓመት ሁለት ዓመት ሳይቆዩ ሲረሱ፣ ከዚያ ሁሉ የቀልድ ልጅ ያደገው አንዱ ብቻ ነው።

ያሳደገው ፖለቲካ ነው። በ1840 ለሁለተኛ ጊዜ ለመመረጥ የሚወዳደሩት ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን የተወለዱት በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ኪንደርሁክ በምትባል መንደር ስለ ነበር፣ ወዳጆቻቸው «የኪንደርሁኩ ሽማግሌ» ሲሉ ያቆላምጧቸው ነበር፤ የዚህም ቁልምጫ መነሻ ፊደላት በእንግሊዝኛ ኦና ኬ ሆነው ተገኙ። ደጋፊዎቻቸው የኦኬ ክበብ አቋቋሙ፣ ቃሉንም መፈክር አድርገው ኒው ዮርክን አናወጧት፤ ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ ያንኑ ፊደል ነጥቀው «ካዝናው የተራቆተ» እያሉ ይፈቱት ጀመር። ይህም አልበቃቸው፤ የቫን ቢዩረን አለቃ የነበሩት ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ፊደል መግደፍ ልማዳቸው ስለሆነ ቃሉን የፈጠሩት እርሳቸው ናቸው የሚል ወሬ አስነዙ። ከብዙ ዓመት በኋላም አንድ የታሪክ ጸሐፊ በቴነሲ በ1790 በተጻፈ የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የኦኬን ፊደላት አየሁ ብሎ ወሬውን አጸናው፤ መዝገቡ በሚገባ ሲመረመር ግን ጽሕፈቱ «ኦ. አር.»፣ ማለት «እንዲመዘገብ ታዘዘ» የሚል ሆኖ ተገኘ። ወደ ምርጫው ስንመለስ ቫን ቢዩረን ተሸነፉ፤ ያሸነፏቸውም ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ሥልጣን በያዙ በወሩ ሞቱ። ከዚያ ምርጫ ጤናማ ሆኖ የወጣው ኦኬ ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ቃሉ ቀልዱን ትቶ መንግሥት ሥራ ገባ። የሞርስ ቴሌግራፍ በ1844 ዋሽንግተንን ከባልቲሞር ካገናኘ ወዲህ፣ በሽቦው ላይ ሲሠሩ የሚውሉት ቴሌግራፈኞች መልእክቱ መድረሱን የሚያስታውቁበት አጭር ምልክት ቢሹ ይህ ቃል ተመቻቸው፤ ከቴሌግራፍ ወደ ባቡር፣ ከባቡርም ወደ አውሮፕላን ተሸጋገረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 መጨረሻ ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር ተዋውሎ ተቋቁሞ፣ በኤፕሪል 1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ባደረገ ጊዜ አብራሪዎቹም መካኒኮቹም አሜሪካውያን ነበሩና፣ ቃሉ በክንፍ ጭምር ወደ አገራችን መጥቷል ማለት ይቻላል። በወረቀት ቲኬት ዘመን ወደ ውጭ አገር የተጓዘ ወይም የሸኘ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ፦ በቲኬቱ ላይ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ኦኬ የሚል ካለ ቦታው ተይዟል፤ «አር ኪው» የሚል ካለ ገና ተጠየቀ እንጂ አልተገኘም። ስለዚህ ልጃቸው ወደ ጅዳ ወይም ወደ ቤይሩት የሚሄድባቸው እናት፣ የላቲን ፊደል ቆጥረው የማያውቁት፣ ቲኬቱን ከልጁ እጅ ተቀብለው በመስኮቱ ብርሃን ያዩና «ክቡ የታለ? ባላው የታለ?» እያሉ ሁለቱን ፊደላት በጣታቸው ፈልገው ካላገኙ በቀር በጉን አያሳርዱም ነበር። በዚያች ሳጥን ውስጥ ኦኬ ቀልድ አልነበረም፤ እንባም ሳቅም በእርሱ ይወሰን ነበር።

በ1961 አለን ሼፐርድ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆኖ ወደ ጠፈር በተወነጨፈ ጊዜም ቃሉ አብሮ ወጣ፤ የጠፈር መሥሪያ ቤቱ ቃል አቀባይ «ኤ-ኦኬ» እያለ ደጋግሞ ለጋዜጠኞች ሲያወራ፣ ጋዜጦቹ ይህን ያለው ጠፈርተኛው ራሱ ነው ብለው ጻፉለት፤ ሰውየው ግን አላለውም ነበር። በ1983 ለገበያ የቀረበው ሊዛ የተባለው የአፕል ኮምፒዩተር ሲሠራም የሆነ ሌላ ነገር አለ። ትእዛዝ ለማጽናት የሚጫኑት ምልክት መጀመሪያ «ዱ ኢት»፣ ማለት «አድርገው» ይል ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱ ቃላት ተቀራርበው ስለ ተጻፉ ለሙከራ የተጠራ አንድ ሰው «ዶልት»፣ ማለት «ደደብ» ብሎ አነበበውና ይህ መኪና ስለ ምን ይሰድበኛል ብሎ ተቆጣ፤ ሠሪዎቹም ደንግጠው በቦታው ኦኬን ተኩ። እነሆ ከዚያ ወዲህ የሰው ልጅ ያላነበበውን፣ ቢያነብም የማይገባውን፣ ቢገባውም የማይስማማበትን የ40 ገጽ ውል በአንድ ጣት ኦኬ ሲል ይውላል።

የቃሉ ልደት ይህን የመሰለ ከሆነ ትርጓሜው ምን ሊሆን ነው? እዚህ ላይ መዝገበ ቃላት የሚረዳን ጥቂት ነው፤ ግሥም ስምም ቅጽልም ተውሳከ ግሥም ቃለ አጋኖም ይሆናል ብሎ በሰዋስው ሊያስረው ይሞክራል እንጂ ምሥጢሩን አያወጣውም። ለእንዲህ ያለ ነገር የሚሻለው የአባቶቻችን የአንድምታ ሥርዓት ስለሆነ በዚያው እንሂድ።

«ኦኬ አለ።» ሰማሁ ሲል ነው። አንድም ተስማማሁ ሲል ነው። አንድም አልተስማማሁም፣ ነገር ግን ከአንተ ጋር ለመከራከር ጊዜ የለኝም ሲል ነው። አንድም ደጋግሞ «ኦኬ ኦኬ ኦኬ» ቢል ንግግርህን ቋጭ ሲል ነው። አንድም መጨረሻውን ጎትቶ ቢያስረዝመው ሲሸሸግ የኖረ ነገር አሁን ገና ተገለጠልኝ ሲል ነው፤ ይህ በተለይ ባልና ሚስት መካከል ከተሰማ ሽማግሌ ሊያስፈልግ ይችላል። አንድም በጥያቄ አንሥቶት «ኦኬ?» ቢል የሚናገረው አለቃ ነው፣ ትርጓሜውም «ዋ!» ማለት ነው። አንድም መምህር ወደ ክፍል ገብቶ እጁን አጨብጭቦ ቢለው ዝም በሉ ማለት ነው። አንድም ሐኪም የራጅ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ አንገቱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዘንብሎ፣ ቀስ ብሎ «ኦኬ…» ቢል፣ በሽተኛው ንስሐ አባቱን ያስብ።

ሐተታ፦ በስልክ የሚጻጻፉ ልጆች ሁለቱንም ፊደል አብዝተው አይተው «ኦ»ን ከጣሉ ወዲህ «ኬ» ብቻ መላክ ተጀምሯል፤ ይህችም የተቆረጠች ፊደል የቁጣና የንቀት ምልክት ሆና ስለምትቆጠር፣ ስንት ወዳጅነት አናውጣለች። አንድምታው በዚህ አያበቃም፤ በአፍ ሳይሆን በጣት የሚባልም አለና፣ አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን አግጥሞ ክብ መሥራት ለአሜሪካዊ ኦኬ ሲሆን፣ ለጃፓናዊ ገንዘብ ማለት ነው፣ በፈረንሳይ ባዶ ወይም ዜሮ የሚባልበት ጊዜ አለ፣ በብራዚል ግን በወግ ተጽፎ የማይተረጎም ስድብ ነው።

ከሁሉ ይልቅ አደገኛው ትርጓሜ ግን ገበታ ላይ የሚገኘው ነው። አንድ በአሜሪካ ያደገ ልጅ ዘመዶቹን ሊጠይቅ አዲስ አበባ መጥቶ፣ አክስቱ ለክብሩ ዶሮ ሠርተው እኔም በጎረቤትነቴ ተጠርቼ ተገኝቼ ነበር። እርሳቸው ከንጋት ጀምረው ሽንኩርት ሲከትፉና ሲያቁላሉ ውለው፣ ዓይናቸው እንደ ቀላ፣ ጠረናቸው ኮረሪማና ንጥር ቅቤ እንደ ሆነ ገበታውን አቀረቡ፤ ከ12ቱ ብልት መካከል ለባለቤታቸው ይገባ የነበረውንም ፈረሰኛ ለእንግዳው አወጡለት፤ ባልየውም በትዕግሥት አዩ። ልጁ አንድ ሁለት ጎረሰ። አክስቲቱ እጃቸውን በመቀነታቸው ላይ አጣምረው «እንዴት ነው ልጄ፣ ተስማማህ?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁ አፉን በትሕትና ጠርጎ፣ «ኦኬ ነው አክስቴ» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። በእንግሊዝኛ አንድ ምግብ ኦኬ ነው ከተባለ አይመሰገንም አይነቀፍም፣ ይበላል ማለት ብቻ ነው፤ አክስቲቱ እንግሊዝኛ ባይማሩም ይህ ትርጓሜ በቀጥታ ገባቸውና «ኦኬ? ጨው አነሰው? በርበሬው አልበሰለም?» እያሉ ይጠይቁ ጀመር። ልጁ ደንግጦ «አይ፣ በጣም ኦኬ ነው!» ብሎ ነገሩን ከድጡ ወደ ማጡ ወሰደው። ያዳነው ፈረሰኛውን ያጣው አጎቱ ነው፦ «አንቺ ምን ያስከፋሻል፤ በፊልም አላየሽም እንዴ? እዚያ አገር ጥይት የመታው ሰው እንኳ ሲጠየቅ ኦኬ ነኝ ነው የሚለው!» ባለቤታቸው ግን ወጣቸውን ከጥይት ጋር በማነጻጸራቸው የባሰ ስለ ተቆጡ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ማንም ኦኬ አልነበረም። ያ ልጅ ወደ አገሩ ሲመለስ «እጅሽን ይባርከው» የምትለዋን አማርኛ አጥርቶ አውቆ እንደ ሄደ ሰምቻለሁ።

ይህ ታሪክ የኦኬን ባሕርይ ያሳየናል። አለን ሜትካፍ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ስለዚህ አንድ ቃል ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ፣ ማርች 23 የኦኬ በዓል ሆኖ ይከበር እስከ ማለት የደረሰ ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን የቃሉ ኃይል መቀበልን ብቻ ማስታወቁ፣ ስለ ነገሩ ጥሩነትና መጥፎነት ግን ዝም ማለቱ ነው ይላል። በእኔም አሳብ የኦኬን አባት ከግሪክ ፈላስፎች፣ ከጀርመን አራሚዎችና ከግእዝ መጻሕፍት መካከል የሚፈልጉት ሁሉ የሚደክሙት በከንቱ ነው፤ የከበረ አባት ያለው ቃል የሚከብድ ነገር ይዞ ይመጣልና። «አሜን» ያለ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ተያይዟል፤ «ይሁን» ያለ ንጉሥ አገር ያንቀሳቅሳል፤ መሪጌታ የጠቀሱልን «ኦሆ»ም ቢሆን መታዘዝን ያስከትላል። ኦኬ ግን በቀልድ ስለ ተወለደ ቀሊል ነው፤ የሚለው ሰው ምንም ሳይሸከም ይለዋል፣ የሚሰማውም ሁሉን ያገኘ መስሎት ይሄዳል። ዓለም ለዚህ ቃል የተገዛው በዚህ ቅለቱ ነው፤ ቃል መስጠት የማይፈልግ፣ ግን ቃል የነፈገ መባልን የሚፈራ ሰው በየአገሩ አለና።

በእርግጥ በዚህ ረገድ እኛ ከማንም የምንማረው የለንም። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ብለው የተረቱት አባቶቻችን የእሺን ዋጋ ቢያውቁም፣ ልጆቻቸው «እሺ፣ ነገ» የምትለዋን ጨምረው ያን ሺህ ብር ሳያወጡ የሚቆዩበትን ዘዴ ከፈጠሩ ቆይተዋል፤ ኦኬም ወደ አገራችን ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የተወዳጀው ከዚህች «እሺ» ጋር ነው፤ ዛሬማ ሁለቱ ተጋብተው «እሺ ኦኬ» ሆነዋል፤ ከሁለት ማረጋገጫ የተሠራ፣ ከሁለቱም አንዱን ያህል የማያረጋግጥ።

ስለዚህ እኔ ከረጅም ልማድ የተነሣ አንድ ሥርዓት ይዣለሁ፤ ኦኬ የሚለኝን ሰው ኦኬውን እንደ መልስ ሳልቆጥር አንድ ጥያቄ እጨምርበታለሁ። ባለፈው ሰሞን የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማፍሰስ ጀምሮ ሠራተኛ ብጠራ፣ ወጣቱ ጎንበስ ብሎ አየውና «ኦኬ ጋሼ፣ ኦኬ» አለኝ። «መቼ ትመጣለህ?» አልኩት። «ጠዋት» አለ። «የየትኛው ቀን ጠዋት?» አልኩት። ቀና ብሎ፣ በዚህ ሥራ ላይ ከቆየ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገረኛ ደንበኛ እንዳልገጠመው በሚናገር ዓይን አየኝና «እሱንማ በስልክ እነግርዎታለሁ» አለኝ። እኔም ባልዲውን ከቧንቧው ሥር አስተካክዬ «ኦኬ» አልኩት።